680 ቀን በፕሌይንስ፦ ጂሚ ካርተር የት መሞት ፈለጉ? የትስ ሞቱ?

ቅዳሜ ዕለት ነበር፤ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2023። (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጉዳዩ እዚያው ስለሆነ ይቅለለን።) አትላንታ ያለው የካርተር ማዕከል አጭር መግለጫ አወጣ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሰሞኑን ሆስፒታል ገባ ወጣ ሲሉ ቆይተዋል። ከእንግዲህ ግን ተጨማሪ ሕክምና ይቅርብኝ ብለዋል። የቀራቸውን ጊዜ ቤታቸው፣ ከቤተሰባቸው ጋር፣ በሆስፒስ እንክብካቤ (በሽታ ማዳኑ ቀርቶ ሕመም በማስታገስ) ያሳልፋሉ። መግለጫው የበሽታ ስም አልጠቀሰም። ዕድሜያቸው 98 ነበር።

ሆስፒስ የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ በልቡ ቀን መቁጠር ጀመረ። ጋዜጠኞች ካርተር ወደሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ወደ ፕሌይንስ ጎረፉ። እንዲህ ማሰባቸው አይፈረድባቸውም። ከአምስት ዓመት በፊት የቀድሞዋ ቀዳማዊት እመቤት ባርባራ ቡሽ ሕክምና በቃኝ ማለታቸው በተነገረ በሁለተኛው ቀን ነው ቤታቸው ያረፉት። የካርተርም ነገር የቀናት ጉዳይ መሰለ።

አልሆነም። ካርተር ከዚያች ቅዳሜ በኋላ 680 ቀን ኖሩ። መቶኛ ዓመታቸውን አከበሩ። ድምፅ ሰጡ። ሚስታቸውን ቀበሩ። ከዚያ ዲሴምበር 29 ቀን 2024፣ እዚያው ቤታቸው አረፉ።

ብዙ ሰው ቤቱ መሞት ይፈልጋል። የሚሳካለት ግን ሁሉም አይደለም። የካርተር ምኞትና ፍጻሜ ገጠመ። እንዴት ገጠመ? ዕድል ብቻ ነው እንዳንል፣ ከኋላው ያለውን ብዙ ነገር ማየት ይቻላል። ይህን ጉዳይ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ሆስፒታል የተወለዱት ሰውዬ

ካርተር ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ በመወለድ የመጀመሪያው ናቸው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሁሉ ቤት ውስጥ ነው የተወለዱት። ኦክቶበር 1 ቀን 1924፣ ጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ፕሌይንስ ከተማ። እናታቸው ሊሊያን ነርስ ነበሩ፤ ሆስፒታሉም የሥራ ቦታቸው ነበር። ሆስፒታል ተወልዶ ቤት የሞተ ሰው እንግዲህ። በዘመኑ የተለመደው ግልባጩ ነበር፤ ቤት ተወልዶ ሆስፒታል መሞት።

የሞት አልጋ ምን እንደሚመስል ግን ካርተር ያዩት ገና በወጣትነታቸው ነው። በ1953 አባታቸው በቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ታመሙ። ካርተር ያኔ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ፕሮግራም ውስጥ ጥሩ ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ፈቃድ ወስደው መጡና አባታቸው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። በሩ አልዘጋ አለ። ጥቁሩም ነጩም ምግብ ይዞ ይመጣል፤ እንዴት አደሩ ይላል። አንዱ አባትህ ብድር ሰጥተውኝ ነበር ይላል፤ ሌላው ልጄን አስተምረውልኛል ይላል። ልጅየው አባታቸውን በደንብ ያወቁት በዚያ ሰሞን ነው ማለት ይቻላል። አባት ሲሞቱ ካርተር ባሕር ኃይሉን ለቀው ቤተሰባቸውን ይዘው ፕሌይንስ ገቡ። ሚስታቸው ሮዛሊን በዚህ ውሳኔ ክፉኛ ተቆጥተው ነበር፤ ያንን ካርተር ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል።

የቆሽት ካንሰር ከዚያ በኋላም ያንን ቤተሰብ አልለቀቀውም። እህታቸውን ሩትን በ1983፣ ወንድማቸውን ቢሊን በ1988፣ ሌላዋን እህታቸውን ግሎሪያን በ1990 ወሰደ። አራት ሰው በአንድ በሽታ። ካርተር ስለ ሞት ሲያስቡ በመጽሐፍ ካነበቡት ብቻ አይደለም የሚያስቡት።

በ2015 ደግሞ ተራው የራሳቸው መሰለ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ጉበታቸውና አንጎላቸው ውስጥ ተገኘ። ዕድሜያቸው 90 ነው። ያኔ ግን ሕክምና አልጠሉም። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ አዲስ መድኃኒት፣ ሁሉንም ወሰዱ። በዓመቱ መጨረሻ ካንሰሩ በምርመራ አይታይም ተባለ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰውዬው ሕክምና የሚሸሹ ሰው አልነበሩም። መድኃኒት ይረዳል በተባለ ጊዜ ወስደዋል፤ አይረዳም ወደሚባልበት ሲደርሱ ደግሞ ቆመዋል። ሁለቱን መለየት ከባድ ነገር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰነጠቀው እዚህች ላይ ነው።

በ2019 ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ወደቁ፤ እንደገና ወደቁ፤ አንጎላቸው ላይ የፈሰሰ ደም በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። በዚያው ዓመት በሰንበት ትምህርታቸው ላይ ሞትን እንደማይፈሩ፣ ከ2015 ጀምሮ ከነገሩ ጋር ሰላም እንዳወረዱ ለሰው ፊት ተናገሩ። ቤተሰቡ ፌብሩዋሪ 2023 ሲደርስ አባታችን ምን ይፈልግ ይሆን ብሎ መገመት አላስፈለገውም። ሰምቶታል።

ሆስፒስ ምንድን ነው፣ ምንስ አይደለም

ሆስፒስ የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ቤት ወይም ሕንፃ ይመስለናል። በአሜሪካ በአብዛኛው ሕንፃ አይደለም፤ በሽተኛው ያለበት ድረስ የሚመጣ ቡድን ነው። ነርስ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ትመጣለች። ገላ የምታጥብ ረዳት ትመጣለች። ሐኪም፣ ሶሻል ወርከር፣ ከተፈለገም የሃይማኖት አባት አለ። ከፍ ዝቅ የሚል የሆስፒታል አልጋ፣ ኦክስጂን፣ ዳይፐር ሳይቀር ቤት ድረስ ይመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሳ ስልክ አለ። ብዙ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ የመድኃኒት ሳጥን ትቀመጣለች። ውስጧ ለሕመምና ለትንፋሽ ማጠር ምላስ ሥር የሚጨመር ፈሳሽ ሞርፊን አለ፤ ለጭንቀት፣ ለማቅለሽለሽ የሚሆንም አለ። ይቺ ሳጥን ባትኖር ቤት የመሞት ምኞት አንድ ክፉ ሌሊት ላይ ያበቃል። በሽተኛው ትንፋሽ ሲያጥረው ቤተሰብ ይደነግጣል፤ አምቡላንስ ይጠራል፤ ከዚያ ድንገተኛ ክፍል፣ ከዚያ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል)፣ ከዚያ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ።

ሕጉ ቀላል ነው። ለአረጋውያን የሚከፍለው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ከ1982ቱ ሕግ ጀምሮ ለሆስፒስ ይከፍላል። በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ ሰውዬው ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ብለው ሁለት ሐኪሞች መፈረም አለባቸው። በሽተኛው ደግሞ ለዚያ በሽታ የማዳኛ ሕክምና ትቻለሁ ብሎ ይፈርማል። ሐሳቡን ከቀየረ በማንኛውም ቀን መውጣት ይችላል። ስድስት ወር አልፎ ካልሞተ አይባረርም፤ ሕመሙ አሁንም እየወሰደው መሆኑ እየታየ በየሁለት ወሩ ይታደሳል። የሚገርመው፣ ከሕጉ በፊት ነገሩ በሙከራ የተጀመረው በ1979፣ በ26 ሆስፒሶች፣ በራሳቸው በካርተር መንግሥት ጊዜ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ አገልግሎቱ የራሳቸውን በር አንኳኳ።

አሁን ሰው ወደማያውቀው ነገር ልምጣ። ሆስፒስ አስታማሚ አያመጣም። ነርሷ መጥታ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ሰዓታት የቤተሰብ ናቸው። ማን ያገላብጠው? ማን ሌሊት ይነሳ? ማን ከሥራ ይቅር? ቤት መሞት የሚባለው ነገር ሥጋና ደም ለብሶ ሲታይ አስታማሚ ማለት ነው።

ይህን ከሮዛሊን ካርተር በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እሳቸውም በልጅነታቸው አባታቸውን በሕመም አጥተዋል። በ1987 ፕሌይንስ አጠገብ፣ አሜሪከስ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ለአስታማሚዎች ብቻ የቆመ ተቋም መሠረቱ። በዓለም ላይ አራት ዓይነት ሰው ብቻ አለ ይሉ ነበር፦ ያስታመመ፣ እያስታመመ ያለ፣ ወደፊት የሚያስታምም፣ አስታማሚ የሚያስፈልገው።

በአንድ ቤት ሁለት ጉዳይ

ካርተር ሆስፒስ በገቡ በሦስት ወራቸው፣ ሜይ 2023 ላይ፣ ሮዛሊን የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ቤተሰቡ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሁለት በሽተኞች በአንድ ቤት ሆኑ። በ1961 የሠሩት፣ ሁለት መኝታ ያለው ተራ ቤት ነው። በ2018 ግምቱ 167,000 ዶላር ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለ ወገናችን በዚያ ገንዘብ ስቱዲዮ ቢያገኝ እሰየው ይላል።

ቤት መቆየት መታሰር አልሆነባቸውም። ካርተር ኦቾሎኒ ቅቤ ያለበት አይስክሬም በደስታ እንደሚበሉ የልጅ ልጃቸው ለሰው ተናገረ። የኦቾሎኒ ገበሬ አይደሉ! ሴፕቴምበር 2023 ላይ ሁለቱም በመኪና ሆነው ፕሌይንስ የኦቾሎኒ በዓል ላይ ብቅ አሉ። ሰው በመስኮት አያቸው፤ አጨበጨበ።

ኖቬምበር 17 ሮዛሊንም ሆስፒስ ገቡ ተባለ። ኖቬምበር 19 አረፉ። ዕድሜያቸው 96፣ ትዳራቸው 77 ዓመት። አንድ ቤት፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት አገልግሎት። እሳቸው ሁለት ቀን፣ ባላቸው 680 ቀን። የስድስት ወር ግምት የሚባለው ነገር ምን ያህል ግምት ብቻ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከሁለቱ ወደ ተራው ሰው የሚቀርበው የሮዛሊን ነው። በሜዲኬር ሆስፒስ ከሚገቡት ግማሾቹ ከ18 ቀን ገደማ በላይ አይቆዩም። ብዙዎች የሚገቡት ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ለምን ዘገየ ሲባል ሐኪሙ መናገር ፈርቶ፣ ልጆች ተስፋ መቁረጥ መስሏቸው፣ በሽተኛው የጠየቀው አጥቶ። ያኔ ነርሷ ሕመሙን አስታግሳ ሳትጨርስ ቀብር ይደርሳል።

የአገሩን አጠቃላይ መልክ ካያችሁ ደግሞ ነገሩ እየተቀየረ ነው። በ2016 በተደረገ አንድ ትልቅ መጠይቅ ከ10 አሜሪካውያን 7ቱ ቤቴ መሞት እመርጣለሁ ብለዋል። ይሳካልኛል ያሉት ግን 4ቱ ያህል ናቸው። በ2003 በተፈጥሮ ሞት ከሞቱት 39.7 ከመቶው ሆስፒታል፣ 23.8 ከመቶው ቤት ነበር የሞቱት። በ2017 ሆስፒታል ወደ 29.8 ወረደ፤ ቤት ወደ 30.7 ወጣ። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ወዲህ ቤት ሆስፒታልን ሲቀድም የመጀመሪያው ነው። ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ጥሩም ነው። ቁጥሩ ግን ቤት የሞተው ሰው ሕመሙ ታግሶለት ይሁን እየጮኸ አይናገርም። ልጁ ከሥራ ተባርራ ስታስታምም ይሁን፣ ብቻውን ይሁን፣ እሱንም አይናገርም።

ስለዚህ የካርተርን ነገር እንደ ምሳሌ ሲያነሱ አንድ ነገር አይረሳ። እሳቸው ሰው አልጠፋባቸውም። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ አስታማሚዎች ነበሯቸው፤ በር ላይ መንግሥት የመደበላቸው ጠባቂዎች ነበሩ። ወደ 600 ሰው የሚኖርባት ከተማ በሙሉ ጎረቤታቸው ነበረች። በአንድ ክፍል አፓርታማ ብቻውን የሚኖር የታክሲ ሾፌር ሆስፒስ እፈልጋለሁ ቢል መድኃኒቱም አልጋውም ይመጣለታል። ሌሊቱ ግን የራሱ ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ

ካርተር ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም። በ1989 ደርግንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ፊት ለፊት ያስቀመጡ እሳቸው ናቸው፤ ቀጥሎም ናይሮቢ ላይ። የ2005ቱን (በእኛ አቆጣጠር የ1997ቱን) ምርጫችንን ታዝበዋል። ማዕከላቸው በአማራ ክልል ትራኮማን፣ በጋምቤላ የጊኒ ዎርምን (ሰው ሰውነት ውስጥ የሚያድግ ጥገኛ ትል) ሲታገል ኖሯል። በ2015 ካንሰሩ የተነገረ ጊዜ እንኳ ከእኔ በፊት የመጨረሻው የጊኒ ዎርም ቢሞት ደስ ይለኛል ብለው ነበር።

ሞታቸው ግን ከእኛ ጋር የሚያያዘው በሌላ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት መሞት ብርቅ አይደለም። ሐኪሙ ልጁን ወደ ኮሪደር ያወጣና ቤታቸው ውሰዷቸው ይላል። ቤተሰቡም ይገባዋል። አገር ቤት ገጠር ከሆነ ደግሞ ሬሳ ከማጓጓዝ ነፍሳቸው ሳትወጣ ማድረስ ይሻላል ተብሎ መኪና ይፈለጋል። ቤት ይደረሳል። ጎረቤት ይሞላል። የሚጎድለው ሞርፊኑ ነው። የሚጎድለው ሌሊት የሚነሳው ስልክ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ይህን ሲሞላ ቆይቷል፤ ግን አንድ ድርጅት ስንት ቤት ያዳርሳል? አብዛኛው እድራችንም የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው፤ ድንኳኑን ይዞ። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ግን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች በሽተኛ እስከ ማስታመም ደርሰው ነበር። ያ ልማድ ለምን እንደቀረ ሳስብ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ አፋችን ነው። በሽታውን ለልጅ እንጂ ለበሽተኛው አንነግርም። እማማ ከሰሙ ይሞታሉ እንላለን። ይህን ባህላችን ነው ስንል እሰማለሁ፤ እኔ በግማሹ አልስማማም። ባህላችን ውስጥ ኑዛዜ የሚባል ነገርም አለ። ሰው ሞቱ ሲቃረብ ልጆቹን ሰብስቦ ይናዘዛል፤ የነፍስ አባቱን ይጠራል፤ ለማን ምን እንዳለበት ይናገራል፤ የት እንደሚቀበር ያዛል። ያልተነገረው ሰው ምኑን ይናዘዛል? አልጋው ዙሪያ ስለ ሌላ ሌላ እያወራን፣ እሱም እኛም እያወቅን፣ ቀኑ ያልፋል። ካርተር ያደረጉት ነገር በእኛ ቋንቋ ሲባል ኑዛዜ ነው። አእምሯቸው ሳይደክም፣ ቤተሰብ ሳይጣላ፣ በግልጽ።

አሜሪካ ላለው ወገን ነገሩ ድርብ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በየአረጋውያን ቤቱ፣ በየኬር ሆሙ የእኛ ሴቶች አሉ። የሰው አገር እናት ያጥባሉ፤ ከንፈሯን በስፖንጅ ያረጥባሉ፤ ስትሞት እጇን ይዘው ይቀመጣሉ። ሆስፒስ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የገዛ አባታቸው ሲታመሙ ግን አንዳንዶቹ ቃሉን ለወንድሞቻቸው ለመናገር ይቸገራሉ። ጨክና ልትጥለው ነው እንዳይሏት። አንዷ ታውቃለች፣ አምስቱ በስልክ ይጮኹባታል። አባት በዚያ መሐል አይሲዩ ውስጥ ይቆያሉ። እሳቸው ደግሞ በልባቸው ጎንደር ነው ያሉት። ቤቴ ሲሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርታማ ይሁን አገር ቤት ያለውን ግቢ ማንም አልጠየቃቸውም።

መጨረሻው

ኖቬምበር 28 ቀን 2023 ካርተር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አትላንታ ለሮዛሊን መታሰቢያ ተገኙ። ጋደም በሚያደርግ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ፤ እግራቸው ላይ የሮዛሊን ፊት የታተመበት ብርድ ልብስ። በማግስቱ ፕሌይንስ ላይ ቀበሯቸው። ሆስፒስ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ጉዞ መሄዱ ያስደነቀው ሰው ብዙ ነበር። የሚከለክለው ግን የለም።

በቀጣዩ ዓመት የልጅ ልጃቸው መጨረሻው እየቀረበ ነው አለ። በዚያም ላይ ወራት ተጨመሩ። ካርተር ለልጃቸው፣ «ለካማላ ሃሪስ ድምፅ እስክሰጥ ልቆይ» ብለዋል ተባለ። ኦክቶበር 1 መቶ ሞላቸው፤ ጓሮ አወጧቸው፤ ጄቶች በላያቸው አለፉ። ኦክቶበር 16 በፖስታ መረጡ። የመረጧት አላሸነፈችም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዲሴምበር 29 ካረፉ በኋላ አስከሬናቸው ወደ ዋሽንግተን ተወሰደ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 በብሔራዊው ካቴድራል አምስት ፕሬዚዳንቶች በተገኙበት ተሸኙ። በዚያው ቀን በአውሮፕላን ወደ ጆርጂያ ተመለሱ። ለዓመታት ባስተማሩባት ትንሽ የፕሌይንስ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ጸሎት ተደረገ። ከዚያ በመኪና ወደ ቤታቸው ግቢ። መቃብሩ እዚያው ነው፣ ኩሬው አጠገብ፣ ሮዛሊን ጎን። ከመኝታ ቤታቸው በእግር የሚደረስ።